ቢቸናን ከልክለው ኪጋሊን ለሰጡን ኃላፊ

ልጄ እፀገነት ኪጋሊ ሂሳብ ልታስተምር ነው። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የሚያስተምር ትልቅ ትምህርት ቤት ቀጥሯታል፤ ውሉ ተፈርሟል፣ ቲኬቱም ተቆርጧል። ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ፤ ደስ ሲለኝ አፌ አይጠብቀኝም።

አሁን ወደ ሥርዓቱ ልመለስ። ለተከበሩ የመምህራን ዝውውር ኃላፊ፦ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? ከስብሰባ ብዛት ታመመ ሲባል ሰምቼ አዝኛለሁ። ስምዎን እዚህ አልጠራም፤ አምስት ዓመት ደጅዎን ስጠና እርስዎም የእኔን ስም አንድ ቀን ጠርተውት ስለማያውቁ፣ እኩል እንሁን ብዬ ነው። የምጽፈው ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ፤ ቢሮ ቁጥር ይወዳል።

1ኛ/ ስለ ባዶው ክፍል። እፀገነት ሞጣ ስታስተምር የአባቷን የሽታሁንን ዘዴ ትጠቀም ነበር። ሽታሁን በወጣትነቱ ደብረ ወርቅ ቅኔ ተምሯል፤ እዚያ ተማሪ ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን በልቡ እየደረሰ ይቆጥራል፣ ከዚያ መጥቶ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ ጓደኞቹ እየሰሙም ይታረማል። እሷም ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የሂሳብ ጥያቄ ሰጥታ ግቢው ውስጥ ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር ታስቀምጣቸዋለች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ገብተው አሠራራቸውን ቆመው ይናገራሉ፣ የቀረው ክፍል ደግሞ «ይቺን ከየት አመጣሃት?» እያለ ያፋጥጣቸዋል። የእርስዎ ሱፐርቫይዘር የመጣው ልጆቹ ዛፍ ሥር ሳሉ ነው። ባዶውን ክፍል አየና «መምህርቷ ተማሪ በትናለች» ብሎ ጽፎ ሄደ። በቅኔ አገር ተወልዶ፣ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ተማሪ ምን እንደሚሠራ አለማወቅ ቀላል ችሎታ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ሰው ፈልገው ስላገኙ አመሰግናለሁ።

2ኛ/ በአንድ ፖስታ ስለላኩልን ሁለት ደብዳቤ። ሽታሁን ኩላሊቱን ታሞ ሲተኛ ልጃችን ወደ ቢቸና ለመዛወር ማመልከቷን ያስታውሱ ይሆናል። አንደኛው ደብዳቤ የሥራ አፈጻጸሟ ዝቅተኛ ስለሆነ ነጥቧ ለዝውውር አይበቃም ይላል። ሁለተኛው እሷን የሚተካ የሂሳብ መምህር ስለሌለ ሊለቋት እንደማይችሉ በአክብሮት ይገልጻል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ሂሳብ ላይ ወድቄ የቀረሁ ነኝና ሁለቱን ደምሬ መልሱ ቢጠፋኝ፣ ለሽታሁን አነበብኩለት። ሳቀ። አልጋ ከያዘ ወዲያ የሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ለዚህ ለብቻው አመሰግናለሁ።

3ኛ/ ሽታሁን ጥር ላይ ዐረፈ። እፀገነት ሞጣ ነበረች፤ መንገዱ ተዘግቶ መኪና ስላጣች ለቀብሩ ሳይሆን ለሣልስቱ ደረሰች። በሕይወት ሳለ፣ በመጣች ቁጥር የሳምንቱን ትምህርት እንድትነግረው ያደርጋት ነበር። ያን ቀንም ለቀስተኛውን አልፋ ገባች፣ ባዶው አልጋ አጠገብ ተቀመጠች፣ የዚያን ሳምንት ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። አንዱም አልገባኝም። የቀረችባቸውን ቀናት ቆጥረው ስለጻፉላት ማስጠንቀቂያ አላማርርም፤ ከቢሮዎ ሳይዘገይ የደረሰን ወረቀት እሱ ብቻ ስለሆነ በክብር አስቀምጬዋለሁ።

ያንን የዛፍ ሥር ትምህርት አንዷ ባልደረባዋ በስልክ ቀርጻው ኖሯል፤ ለሥራው ስታመለክት ኪጋሊ የተላከው እሱ ነው። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ልጆቹ ዛፍ ሥር የተቀመጡበትን ሩብ ሰዓት ጨምረው እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ የጠየቋት፣ ከመማሪያ ክፍሏ ፊት ለፊት ስንት ዛፍ እንደሚያስፈልጋት ነው።

እነሆ የሽታሁን ዘዴ በሁለት የባዕድ ቋንቋ ሊነገር ነው። ደስ ብሎኛል፤ እልል ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤያለሁ። ብቻ ከእንግዲህ ቤቴ ውስጥ ባዶው አልጋ ሁለት ይሆናል። እኔ የለመንኩዎ ከሞጣ ደብረ ወርቅን አልፋ በግማሽ ቀን መንገድ እንድትቀርበኝ ብቻ ነበር። «የሚተካት የለም» ያሉት ግን እውነት ሆኗል፤ ሚያዝያ ላይ ከለቀቀች ወዲህ እስካሁን አልተተካችም። ባለፈው የሞጣ ተማሪዎቿ ደውለው «ቲቸር፣ ዛፉ ሥር ተቀምጠን ሠርተን ጨረስን፤ የምንነግረው ሰው ነው የጠፋን» አሏት። ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ወጣች።

ጤናዎን ለፈጣሪ፣ ማመልከቻዎቼን ለመሳቢያዎ በአደራ ትቼ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሽታሁን ባለቤት፣ የእፀገነት እናት፣ የቢሮዎ አግዳሚ ወንበር ነባር ደንበኛ፣
ሀብትነሽ ፋንታ
ከቢቸና

የረሳሁት፦ የመሸኛ ድግስ አለን። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የሞጣ ተማሪዎች ሁሉ ተጠርተዋል፤ አንድም ሰው እንዳይቀር። እርስዎም ይምጡ፣ ሱፐርቫይዘሩንም ያምጡት። ከደጃፉ ሲደርሱ ቤቱ ባዶ ቢመስልዎ ጽፈው እንዳይሄዱ፤ ሩብ ሰዓት ይታገሡ፣ ዳሱ ጓሮ ዛፉ ሥር ነው። ቀኑ ነሐሴ 24፣ የተክለ ሃይማኖት ዕለት።