ነፃ ወጥታ የታሰረችው የካትለር ጀልባ

ለተከበሩ ሴናተር ዌንደል ክራውስ
በግዛቱ ምክር ቤት የካትለር ሸለቆ ተወካይ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ መንገድዎ የተቃና፣ በመንገድዎም ላይ ወንዝ የማያጋጥምዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛን አጋጥሞናል። ቁጭ ብዬ መጻፍ እንኳ አልሆነልኝም፤ ሁለት መስመር እጽፍና ተነስቼ በመስኮት ወንዙን አያለሁ። ቅደም ተከተሉ ቢዛባ ይቅርታዎ አይለየኝ።

አንደኛ፣ ምስጋና። በረዶው ሳይቀልጥ ምክር ቤታችሁ የእሳት አደጋ መኪኖች በጀልባችን ሲሻገሩ እንዳይከፍሉ ሊደነግግ አሰበ። ጽሑፉን የገለበጠው ሰው «የእሳት አደጋ» የሚለውን ዘለለና «መኪኖች አይከፍሉም» ብቻ ቀረ፤ እናንተም ሳታነቡ አጸደቃችሁት። ክፍያ ለመጨመር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ቢያስፈልግም ለመቀነስ ግማሽ ሲደመር አንድ ይበቃልና ነገሩ ከምሳ በፊት አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀልባችን ለሁሉም ነፃ ናት። የነዳጅ መግዣ ስላጣች ዳር ላይ ታስራ ቆመች እንጂ ነፃነቷስ ሙሉ ነው።

ሁለተኛ፣ እኛ የካትለር ሰዎች ክፈሉ በተባልን ቁጥር ስናጉረመርም የኖርን ነን፤ አልዋሽም፣ እኔም አለሁበት። አሁን እንክፈል ብለን ለምነን ተከለከልን። ጀልባ ነጂው ቨርን ቲልሰን ባዶ የቡና ጣሳ አስቀምጦ የወደደ ሁሉ ለነዳጅ ጣል እንዲያደርግ ቢጠይቅ፣ ከዋናው ከተማ «ያለ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የተጣለ ክፍያ» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣለት። «ሰው አልከፍልም ብሎ ሲከሰስ ነው የማውቀው፤ እንካ ሲሉት ተቀበለ ተብሎ የሚከሰስ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም!» ብሎ ጣሳውን አነሳ።

ሦስተኛ፣ የተዘለለው ቃል ይመለስ ሲባል፣ መመለሱ ክፍያ «መጨመር» ነው ተባለና ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተጠየቀ። በአንድ ድምፅ ጎደለ። ያ አንድ ድምፅ የእርስዎ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ባዘጋጁት የፓንኬክ ቁርስ ላይ አግኝቼ ስጠይቅዎ፣ «ሎርና፣ ስህተት መሆኑንማ አጥቼው ነው? ግን ምንም ክፍያ አልጨምርም ብዬ ለመራጮቼ ፈርሜያለሁ። ታዲያ ቃል አባይ ልሁን?» ብለው ሳህንዎን ይዘው ሄዱ። ፊትዎ የቆምኩት መራጭዎ ነበርኩ።

አራተኛና አምስተኛም ነበረኝ፤ ሳስበው ግን ሁሉም ሆሊስ ነው። ሆሊስ ባለቤቴ ነው። የኩላሊት እጥበት የሚያደርግበት ክሊኒክ ከወንዙ ማዶ ነው። በጀልባ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይደርስ ነበር፤ ሩቅ ባለው ድልድይ በኩል ግን ዞሮ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ዞሮ ለመመለስም አቅም የለውም። ስለዚህ ማዶ እህቱ ዘንድ ገባ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። ሲመሻሽ መኪናውን ወንዙ ዳር አቁሞ መብራቱን ያበራልኛል፤ እኔም የወጥ ቤት ፎጣ አውለበልባለሁ።

ትናንት መብራቱ አልበራም። የመኪናው ባትሪ ደክሞ ነው ብላ እህቱ ደወለችልኝ፤ እስክትደውል ድረስ ግን ውሃው ጫፍ ላይ ቆሜ ስሙን ስጠራ ነበር። ፈራሁ፣ ክቡርነትዎ። አሁንም እንደፈራሁ ነኝ። ባሌ ቤቱ እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ፤ ለዚህም የሚጠየቀውን ክፍያ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ።

ሁለት ሦስተኛውን አክብሮቴን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ፣ ቀሪውን አንድ ሦስተኛ ጀልባዋ የተነሳች ዕለት ለመላክ ቃል በመግባት፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ታዛዥ መራጭዎ
ሎርና ሃስኬት
ከካትለር ወንዝ ወዲህ ማዶ

ሳልጽፍ የረሳሁት፦ ሕግ የማነብ ሰው አልነበርኩም፤ እንቅልፍ ካጣሁ ወዲህ ግን ማንበብ ጀምሬያለሁ። አንድን ሴናተር በምርጫ ከወንበሩ ለማንሳት ሁለት ሦስተኛ አያስፈልግም፤ ግማሽ ሲደመር አንድ ይበቃል። ግማሹን እዚሁ ሰፈር አግኝተናል። አንዱ ሆሊስ ነው፤ ጀልባ ከሌለም በዋና እመጣለሁ ብሏል።