ከመድረክህ ስላባረርሃት ልብስ አጣቢ

ለታናሽ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ እንዴት ከረሙ? እኛ በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ሰላምታዬን ያስቀደምሁት አባታችን እንዲያ አድርጎ ስላሳደገን እንጂ ልቤ በርዶ አይደለም።

አምና በስልክ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጥያቄና መልስ በሚለዋወጡበት የኢንተርኔት መድረክ ተቆጣጣሪ ሆንሁ፣ በዚያም «መቁረጫው» ይሉኛል ብለህ ስትኮራ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት በዚያ መድረክ አንዲት ልብስ አጣቢ የማጠቢያ ማሽኔ እጄን ይነዝረኛል፤ ጓንት ባደርግ ይበቃል ወይ፤ መስመሩን ማሠራትስ የአከራዬ ፋንታ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች። አንተም «ሴትዮ፣ ይህ የባለሙያ መድረክ እንጂ የአጣቢ መንደር አይደለም። ሦስት ጥያቄ አንድ ላይ ከምትዘፈዝፊ መጀመሪያ መጠየቅ ተማሪ» ብለህ ዘጋህባት። አርባ ሰው ሳቀልህ። አንዱማ «በደረቁ እጠቢያ» ብሎ ሲያክልበት፣ ሥርዓት አስከባሪው አንተ ሳትሰርዘው ተውኸው።

ወሰን ይኑር፤ አልቃወምም። እኔም ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ጥያቄ የሚያዝረከርክ ተማሪ አርሜአለሁ። አንድ በአንድ ጠይቅ ማለት ማረም ነው፤ ሰው ላቡን አፍስሶ በሚያድርበት ሥራ መሳለቅ ግን ብልግና ነው። «ሶኬቱን ንቀዪ፣ ባለሙያ ጥሪ» ብትላት ከስድብህ ባጠረ ነበር። መካሪ ያጣችው ሴት ጓንቷን አጥልቃ ማጠቧን ቀጠለች። ሐሙስ ዕለት ማሽኑ አስፈንጥሮ ከሲሚንቶው ላይ ጣላት፤ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ።

ያች አጣቢ እህታችን ናት። ጽሑፉን ከስልኳ ላይ አንብቤዋለሁ። ስሟን የደበቀችው ወንድሟ ያለበት ቦታ ነውና በዝምድና ተጠቀመች እንዳትባል ብላ ነው። ኩራቷን ታውቀዋለህ።

በአደባባይ የሰደበ በጓዳ ይቅርታ አይጠይቅም። ይህ ወረቀት በደረሰህ ዕለት፣ እዚያው በሰደብህበት ቦታ፣ በእውነተኛ ስምህ ጥፋትህን ጻፍ። እስከዚያ ድረስ ስልክ እንዳትደውልልኝ፤ አላነሣም።

ለባለቤትህ አክብሮቴን፣ ለልጆችህ ምርቃቴን፣ ለአማትህም ሰላምታዬን አድርስ። እህትህ እጇ በጄሶ ስለታሰረ መጻፍ አልቻለችም፤ ናፍቆቷን በእኔ በኩል ልካለች። ወንድሜ አላየውም እንጂ፣ ያን መቁረጫው የሚሉትን ባለጌ ልኩን ያስገባልኝ ነበር ትላለች። ማን እንደሆነ አልነገርኋትም። እሱን አንተ ንገራት።

ታላቅ ወንድምህ
ከእህታችን ቤት፣ ሰኞ፣ ኅዳር ፱ ቀን