በግድግዳው ሥዕል ላይ ቤት ስላጡት ፈታዮች

መሐል ሜዳ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
የሱቄ መዝገብ፣ የጠዋቱ፦ ባና ሁለት ተሸጠ። ፈትል አልገባም።

ለተከበሩ አቶ ቴዎፍሎስ፣
የባና ሠሪዎች ማኅበራችን የለውጥ ሥራ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የመንዝ ብርድ ሳይደፍርዎ ከነመላ ቤተሰብዎ በደህና ከርመው እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ የማኅበሩ አባልና ባናውን፣ ያንን የበግ ፀጉር ብርድ ልብሳችንን፣ በሱቄ የምሸጠው ትዕዛዙ፣ ከኅሊና ወቀሳ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው የፊታችን ረቡዕ ጠቅላላ ጉባኤው አዲሱን አሠራር ከማጽደቁ በፊት ተለጥፎ አባላቱ ሁሉ እንዲያነቡት ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሥዕሉ አመሰግናለሁ። በቃል ስንነታረክበት የከረምነውን ችግር፣ እርስዎ ግድግዳውን በወረቀት ሸፍነው ለመጋዘኑ፣ ለሸማኔውና ለሱቁ ሣጥን ሣጥን ሰጥተው በቀስት ሲያያይዙልን፣ ያለቀለት ባና መኪና አጥቶ መጋዘን እንደሚከርም ሁላችንም በዓይናችን አየን። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምጽፈው።

ሁለተኛ፣ ሣጥን የሚገባው ቤት ላለው ሥራ ብቻ መሆኑን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። የበጉ ፀጉር የሚፈተልበት ቤት የት እንደሆነ ሲጠይቁን፣ ከፈታዮቹ አንዲት እንኳ በስብሰባው አልነበረችም፤ አልተጠሩምና። የመለስሁልዎ እኔ ነኝ። «የኛ ፈታዮች ቢሯቸው መንገድ ነው፤ አለቃቸውም ከፊት የምትሄደው አህያ ናት» አልሁ። ሸማኔው አቶ ወዳጆ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። እርስዎም ሳቅዎ ሳይበርድ በቀይ ወረቀት «ቦታ የሌለው ሥራ፤ ዋናው ማነቆ» ብለው ጽፈው፣ ለግድግዳው ቅርብ ነበርሁና እንድለጥፈው ሰጡኝ። ለጠፍሁት። ሴቶቻችን ገበያ ሲወርዱም፣ በግ ሲጠብቁም፣ ለቅሶ ቤት ሲቀመጡም እንዝርታቸው እንደማያርፍ፣ የማኅበሩ ባና ሁሉ ከዚያ እንደሚወጣ እያወቅሁ ለጠፍሁት። ለምን ቢሉኝ፣ ቀልዴ ስለተወደደልኝ ነው።

ሦስተኛ፣ ከቀዩ ወረቀት ስለተወለደው መፍትሔ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፈታዮች ሁሉ ከተማ ወርደው፣ አዳራሽ ገብተው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው ይፈትላሉ፤ ያልመጣች ከማኅበሩ ትሰናበታለች። ከጓሳ አፋፍ የሚኖሩት ወይዘሮ ኮከብ ባላቸው ሞተዋል፤ በጎቻቸውን የሚያይላቸው ሰው የለም። ባለፈው ቅዳሜ ከማኅበሩ የወሰዱትን ፀጉር ሳይፈትሉ ሱቄ ድረስ አምጥተው መለሱ። «ልጄ፣ የሚፈትለው እጄ ነው ወይስ መቀመጫዬ?» አሉኝ። ቀልዱም ጆሯቸው ደርሶ ኖሯል፤ «አህያዋን አለቃ ያደረገልኝስ ማነው?» ሲሉ፣ ሚዛኑን እንደሚያስተካክል ሰው አጎነበስሁ።

ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ፈታዮቹ ተጠርተው፣ ቀለሙ ለእነሱ ተሰጥቶ፣ መንገዳቸውን ራሳቸው በሥዕሉ ላይ እንዲያስገቡ በትሕትና እለምናለሁ። ቀዩን ወረቀት ለመንቀል ሌላ ሰው አይቸገር፤ የለጠፍሁት እኔ ነኝ።

ለጥበብዎ፣ ለቀስቶችዎና ለኅብረ ቀለማትዎ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣው፣
ትዕዛዙ ኪዳነ ወልድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሥዕሉ ላይ ለእርስዎ ቢሮ ሦስት ሣጥን ተሰጥቷል። ከሦስቱም አንድ ክንድ ፈትል ወጥቶ አያውቅም። ምን ይደረግ፣ ቀይ ወረቀቱ እዚያ ሳይደርስ አለቀ።

የሱቄ መዝገብ፣ ለነገ፦ ይህ ደብዳቤ ከመለጠፉ በፊት ወደ ወይዘሮ ኮከብ መንደር መውጣት፤ ቀልዱ የእኔ እንደነበር መንገር።