ዳንቴል የለበሰው ማሽን

አምቦ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለመቲ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ልጅሽ ሴና ደኅና መሆኗን ልንገርሽ። አጠገቤ ተቀምጣ ቁጥር ትደምራለች፤ ይህንን የምጽፈው ትንፋሿን እየሰማሁ ነው። አሁን አያፏጭም። ዛሬ ጠዋትም አላፏጨም። ስለ ነገ ግን አላውቅም፤ የምፈራውም እሱን ነው።

ባለፉት ሦስት እሑዶች በስልክ ‹‹ሁላችንም ደኅና ነን›› ያልኩሽ እውነት አልነበረም። ትምህርትሽን አቋርጠሽ ከሕንድ ትመጫለሽ፣ ወይም ልጅቷን ሸነን ከተማ ወደ አባቷ እናት ቤት ላኪያት ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። መምህር መርጋ ሐሙስ ወደ ዩኒቨርሲቲያችሁ ስለሚመለስ ይህንን በእጁ ሰድጄልሻለሁ። በወረቀት መዋሸት አልችልበትም።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ሴና ጠዋት ስትነሳ ታስል ጀመር። ስትጫወት ይተዋታል፤ አልጋዋ ላይ ስትወጣ ግን ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የጤና መኮንኑ አዳምጧት ‹‹አስም ይመስላል›› አለና በአፏ የምትስበው መድኃኒት ሰጣት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ‹‹ቤታችሁ ጭስ፣ አቧራ፣ ሻጋታ አለ?›› አለኝ። ሻጋታ! እኔ ቤት! አዳሪ ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት በየማለዳው አንሶላዬ እየተፈተሸ ያደግሁ ሴት መሆኔን ነገርኩት። ሰውየው አልተደነቀም። ‹‹ለማንኛውም እርጥበት የት እንዳለ ይፈልጉ›› ብቻ አለኝ።

አልፈለግሁም። ይልቅ በሳምንት አንዴ የማጥበውን አንሶላና የትራስ ልብስ በየሁለት ቀኑ ማጠብ ጀመርኩ፤ ጉልበቴ እንዲያርፍ ብለሽ በገዛሽልኝ ማሽን። ሳሙናውንም እጥፍ አደረግሁት። ባጠብኩ ቁጥር ባሰባት። አንድ ጠዋት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ‹‹አኮ፣ አየሩ እምቢ አለኝ›› አለችኝ። መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ጣልኩት። ልጄ፣ በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጎረቤታችን ወርቅውሃ ልትጠይቃት መጥታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። የአንሶላውን ጫፍ አንስታ አሸተተች።

‹‹እትዬ አስካለች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ የከረመ ድንች ይሸታል።››

‹‹ትናንት የታጠበ ነው!››

‹‹እንግዲያው የታጠበ ድንች ነዋ!››

ተቀየምኳት። እሷ ግን ሳታስፈቅደኝ ሄዳ ማቀዝቀዣ የሚጠግነውን ጋሮማን ይዛ መጣች።

ጋሮማ ማሽኑን ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። በሩን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ፣ በላስቲክ ሸፍኜ፣ በላዩ በእጄ የሠራሁትን ዳንቴል እስከ ወለሉ አልብሼው ነበር። ቴሌቪዥኑስ እንደዚያ አይደል የሚቀመጠው?

‹‹አዴ፣ ይቺን ለማን ሊድሯት ነው?›› አለኝ።

ዳንቴሉን ገፈፈ፤ በሩን ከፈተ፤ በማሽኑ አፍ ዙሪያ ያለውን ወፍራም ጎማ በጣቱ ገለበጠው። በእጥፋቱ ውስጥ ጥቁር ሻጋታ እንደ ጥላሸት ተጋግሯል። ‹‹ኩን ማሊ! ምንድን ነው ይሄ!›› አለና ሳቁ ጠፋ። በጨርቅ ጠርጎ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋልኝ።

‹‹ሸተተዎት?››

‹‹አዎ›› አልኩት።

በሩ ሁልጊዜ ስለሚዘጋ ውስጥ የሚቀረው እርጥበት መውጫ አጥቷል። ውሃ በተቋረጠ ቁጥርም እርጥቡን ልብስ እስከ ማግስቱ ውስጡ እተወው ነበር። ያበዛሁት ሳሙና ደግሞ ሳይጠራ እየቀረ ሻጋታውን ሲቀልብ ከርሟል። ሴናን ወርቅውሃ ቤት ልከን፣ መስኮቱን ከፍተን፣ ጋሮማ ጎማውን በረኪና በነካ ጨርቅ እጥፋት በእጥፋት ጠረገው። የሳሙናውን መሳቢያ አውጥቶ በጥርስ ብሩሽ ፈተገው። ከታች ካለችው ማጣሪያ የወጣውን አልጽፍልሽም። በመጨረሻ ልብስ ሳያስገባ ሙቀቱን ከፍተኛው ላይ አድርጎ ባዶውን አሠራው፤ ይህንን በየወሩ እንድደግመው ነግሮኛል። አሁን ልብሱን እንዳለቀ አወጣለሁ፤ ጎማውን በደረቅ ጨርቅ አብሳለሁ፤ በሩ ክፍት ይውላል። ሳሙናው ሁለት ማንኪያ ብቻ ነው። ዳንቴሉ ሣጥን ገብቷል።

የጤና መኮንኑ ‹‹ሻጋታው ሊሆን ይችላል፤ ክረምቱም ሊሆን ይችላል›› አለኝ። ካፏጨች ዛሬ ስምንት ቀኗ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የጋዝ ምድጃውን ለወርቅውሃ ሰጠኋት። መብራት ሲጠፋ ቀዝቃዛ እንበላለን፤ ሴና አልከፋትም። ወተት ስጥድ ከአጠገቡ አልነሳም፤ ባለፈው ማረሩን ከጓሮ ሮጣ መጥታ የነገረችኝ እሷ ናት። አንሶላው ሲደርቅ አሽትታ ‹‹ንጹሕ ነው›› የምትለኝም እሷው ናት። ትናንት፣ ‹‹አኮ፣ አንቺስ ለምን አታሸቺም?›› አለችኝ። ‹‹ይሄ ያንቺ ሥራ ነው›› አልኳት። የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ የተዘጋ ቀን ምን አደርጋለሁ?

ጋሮማ ሲጠይቀኝ ‹‹አዎ›› ማለቴን ከላይ ጽፌልሻለሁ። የጻፍኩት ያልኩትን ነው፤ የሸተተኝን አይደለም።

እግዚአብሔር ፈተናሽን ያቅልልሽ፤ አንቺም ልጅሽም የምትተነፍሱትን አየር ይባርክላችሁ።

እናትሽ አስካለች

ከትናንቱ እጥበት የሴናን ትራስ ልብስ ጥግ ቆርጬ በደረቅ ወረቀት ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ። አሽቺውና የሸተተሽን ሳትራሪልኝ ንገሪኝ። ወርቅውሃን ብጠይቃት ለምን እንደምጠይቅ ይገባታል። አንቺም ይገባሻል፤ ለዚህ ነው ከፊርማዬ በታች የጻፍኩት።