የድልድዩ ፋይል

ጥር 9
ሳሎኑ መራመጃ የለውም። አሥራ ሰባት ካርቶን። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማችንን ጋዜጣ ሳዘጋጅ ያጠራቀምኩት ወረቀት ሁሉ... ቤተ መዛግብቱ ሊወስድልኝ ነው። ልጄ እያስነጠሳት፣ "እማዬ፣ በስተርጅናሽ ሶፋ ላይ ልትቀመጪ ነው" አለችኝ።

ጥር 12
የድልድዩን ፋይል አገኘሁት። የአንድ ግንበኛ ደብዳቤ አለበት። "ምሰሶው ተሰንጥቋል፤ ሰው ሳያልቅ ጻፉት" ይላል። ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፦ "ይቆይ"። የእኔ እጅ ጽሑፍ። ከንቲባው ደውሎ ነበር... አቆየሁት። በሦስተኛው ሳምንት ድልድዩ ወደቀ። ዘጠኝ ሰው። ግንበኛው ራሱ አንዱ፤ ወደ ሥራው መሄጃው በዚያው ነበር።
ቀድጄ ብጥለውስ? ማን ያየኛል?
መልሼ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት።

ጥር 15
የቤተ መዛግብቱ ኃላፊ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ሲያወራ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ሁሉንም እንደሚወስድ፣ የድልድዩ ፋይል ግን ቢቀር እንደሚሻል ነገረኝ። የያኔው ከንቲባ ዛሬ የቤተ መዛግብቱ ቦርድ ሰብሳቢ ነዋ። ለእኔም ስም ጥሩ አይደለም አለ... ለእኔ አስቦ!
አንዴ አቆዪው ሲሉኝ አቆይቻለሁ። ሁለተኛ አይለምደኝም።
"ወይ አሥራ ሰባቱም፣ ወይ አንዱም" አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ጥር 16
ልጄ ተቆጣች። ሰው የሚረግመው ከንቲባውን ሳይሆን አንቺን ነው አለችኝ። ሳይሆን አይቀርም። ይርገሙኛ።

ጥር 20
ደብዳቤውን ኮፒ አስደርጌ የቦርዱ ስብሰባ ላይ ሳልጠራ ገባሁ። ለሰባቱም አባላት አደልኳቸው። ድምፄ አላሳፈረኝም።
ሰብሳቢው ወረቀቱን ገፋ አድርጎ፣ "የአንቺም እጅ አለበት እኮ" አለኝ።
"አለበት። ለዚህ ነው ያመጣሁት።"
ከአባላቱ አንዷ፣ የታሪክ መምህርት ናት፣ ድምፅ ይሰጥበት አለች። አምስት ለሁለት። ፋይሉ ይገባል!

የካቲት 3
ካርቶኖቹ ተወሰዱ። ቤቱ አስተጋባብኝ።

የካቲት 18
ኃላፊው ደወለ። ፋይሉን ልታይ የግንበኛው ልጅ መጥታለች አለኝ። ልሂድ? ማንም አላስገደደኝም... ሄድኩ።
ጥግ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጣለች፣ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። የአባቷን እጅ ጽሑፍ ከዚህ በፊት አይታ አታውቅም። ማንነቴን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና፣ "ለምን አቆዩት?" አለችኝ።
መንገድ ላይ ስንቱን ምክንያት ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት።
"ፈርቼ" አልኳት።
ዓይኗን ወደ ደብዳቤው መለሰች። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልለመንኳት። ኋላ ወንበር ሳበችልኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድነግራት ጠየቀችኝ።
በሩን እስኪዘጉብን ነገርኳት። የራሴን አላስቀረሁም።