በአዝመራ መሐል ስለተሰጠን የአተነፋፈስ ሥልጠና

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለአቶ ተገኘ
ጉዳዩ፦ በረጅሙ መተንፈስን ይመለከታል

ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎስ? ቤተሰቡስ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባስተማሩን መሠረት እየተነፈስን እንገኛለን።

፩ኛ፦ የበልግ ገብሳችን ደርሶ፣ የበረዶ ደመና በራቤል በኩል ብቅ ባለበት ሳምንት፣ «ጭንቀትን የመቋቋም ሥልጠና» ብለው ከማሳ ወደ አዳራሽ ስለሰበሰቡን እናመሰግናለን። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ዓይናችንን ጨፍነን አየር በአፍንጫችን እንድንስብ አዘዘን። ዓይን ሲጨፈን ደመና አይታይምና ዘዴው ለጊዜው ሠርቷል።

፪ኛ፦ የሰው ጭንቀት እንደየመልኩ መሆኑንም ተምረናል። ጋሽ ወልደ ጻድቅ የጋቢያቸውን ዘርፍ ሲፈትሉ ውለው ጋቢው ነጠላ ሊሆን ምንም አልቀረው። መሪጌታ ኪዳነ ወልድ እንቅልፍ ወስዷቸው በሕልማቸው «እግዚኦ» አሉ፤ ባለሙያውም ስለ ተሳትፏቸው አመሰገናቸው። እኔ ደግሞ ስጨነቅ አፌን ያሳክከኛል፤ ከስምንተኛ ክፍል ያስቀረኝም ይኸው ነው።

፫ኛ፦ እትዬ ጌታነሽ ከዚያች ቁራሽ ማሳ በቀር የዓመት ቀለብ የላቸውም፤ የሚያጭድላቸው ልጅም የላቸው። ገብሴን ልሰብስብ ብለው ቢለምኑዎ፣ ጭንቀት የሚወገደው እዚሁ ተቀምጦ ነው አሏቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ትንፋሼ ደመናውን የሚገፋልኝ ከሆነ እስከ ማታ እተነፍሳለሁ» ብለው ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ሠልጣኝ በማፍራትዎ ሊኮሩ ይገባል።

፬ኛ፦ ከሁሉ በላይ፣ የተግባር ትምህርቱን ራስዎ ስላሳዩን እጅ እንነሣለን። የግምገማ መኪና ከመሐል ሜዳ ከተማ ተነሥቷል የሚል ወሬ ጆሮዎ እንደ ገባ ባርኔጣዎን ገልብጠው ደፉ፤ ከአጥሩ ኋላ ደጋግመው ደርሰው መጡ፤ ያናገረዎትን ሁሉ «ልክ ነህ» ማለት ጀመሩ፤ በመጨረሻም ስብሰባውን በትነው ፋይል ሊያስተካክሉ ወደ ቢሮ ሮጡ። በአፍንጫዎ ሲስቡ ግን ያየ የለም።

በዚያች ክፍተት አገር ምድሩ ማጭድ ይዞ ወጣና አስቀድመን የእትዬ ጌታነሽን፣ ቀጥለን የየራሳችንን አጭደን ከመርን። በረዶው የደረሰው ክምሩ ከተከደነ በኋላ ነው። ቆሞ ያገኘው ገብስ የእርስዎ ብቻ ሆነ፤ ያው ፋይል ላይ ነበሩ። አይጨነቁ ጌታዬ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑና በረጅሙ ይተንፍሱ።

ትንፋሼ እስካለች ድረስ አክባሪዎ፣
አንዷለም፣ የሥልጠናው ምሩቅ

ግልባጭ፦
ለበረዶው፣ እንዲያውቀው

ማስታወሻ፦ ያ ከመሐል ሜዳ የተነሣው መኪና በግ ሊጭን የመጣ አይሱዙ ኖሯል። ግምገማ ነው ብሎ ያስወራው ሰው አፉን ያሳክከዋል ይባላል። ለሚቀጥለው አዝመራም ሥልጠና ካሰቡልን ቀኑን አስቀድመው ይንገሩኝ፤ መኪና አስነሣለሁ።