በሰባተኛው አጀንዳ ላይ የመጣ እንቅልፍ

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በስምንተኛው ቀን

የሆዴ ፍሬ፣ የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደስ ብሎኛል፤ ሳል ይዞኛል ያልሽው ግን ከሐሳቤ አልወጣም፣ አንገትሽን ሸፍኚ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው፤ ብቻ እንቅልፍ አብዝቷል። የምጽፍልሽም ስለ እንቅልፉ ነው፤ ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግርሽ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

በቅድሚያ ግን፣ አንተ ይህን ደብዳቤ ከልጄ ቀድመህ የምታነበው ልጅ፣ እንደምን አለህ? ያለፈውን መልሰህ ስታሽገው ሙጫ አብዝተህ ልጄ ስትከፍተው ግማሹ ተቀዶባታል። የዛሬውን በልክ አድርገው፣ እባክህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ፖሊት ቢሮው ሲሰበሰብ አባትሽ እንደ ልማዱ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሥራ አንዱም እጅ አብሮ ሲወጣ አብሮ ሲወርድ ኖሯል። ቀኝ ትከሻውን የሚያመው ከዚያ ነው፤ ቅባት የማሸው እኔ አውቀዋለሁ። ሰባተኛው አጀንዳ ላይ ሲደርሱ ሊቀመንበሩ "የሚደግፍ" አሉ፣ እጆች ወጡ፣ ማንም አልቆጠረም። መቼ ተቆጥሮ ያውቃል? ከዚያ ለወጉ ያህል "የሚቃወም" ብለው ወደ ስምንተኛው ሊያልፉ ወረቀት ሲገልጡ፣ የአባትሽ እጅ ወጣ። ግራው።

ማን ነገረሽ አትበይኝ እንጂ፣ የእርሻ ኃላፊው ያ ወፍራሙ ወንበሩን ይዞ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አለ አሉ። ሊቀመንበሩ "ጓድ፣ ምን ማለትዎ ነው?" አሉና ጠጋ ብለው ቢያዩት ዓይኑ ተከድኗል። እጁ እንደተሰቀለ ተኝቷል።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሴት ደግሞ "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" የሚለውን ማኅተም ጠዋት ቡና ሳይቀርብ ነው በሁሉም ገጽ ላይ መትታ የምትጨርሰው። ሌላ ማኅተም የላትም። አንድ ተቃውሞ የሚጻፍበት መስመርም ቅጹ ላይ የለም። አንድ ሰዓት ተከራከሩና አባትሽ ተኝቶ ይሁን ነቅቶ እስኪጣራ ሰባተኛው አጀንዳ ይቆይ ተባለ። ይህም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ አባትሽ ነቅቶ እጁን አውጥቷል። ቀኙን።

ሰባተኛው አጀንዳ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ የቢሮውን ነገር ቤት አያስገባም። ብቻ ጋዜጣው ላይ፣ ለትምህርት ወጥተው በጊዜው ያልተመለሱ ሰዎች ከመዝገብ ተሰርዘው ዳግመኛ አገር እንዳይገቡ የሚለው ውሳኔ ለተጨማሪ ጥናት ቆይቷል ይላል። ከዚያ ጋር የተያያዘ የስም ዝርዝርም አለ ይላል። አንቺ ከሄድሽ ስድስት ዓመትሽ ነው።

ልጄ፣ እሑድ ከሰዓት ዳንስ ቤት እንዳትሄጂ ከልክዬሽ አባትሽን ዘብ አድርጌ ስወጣ ትዝ ይልሻል? ስመለስ አንቺ የለሽም፣ እሱ ወንበሩ ላይ ተኝቷል። በሦስተኛው እሑድ ነው ያስተዋልኩት። የእውነት እንቅልፍ ሲጥለው መነጽሩ አፍንጫው ላይ፣ ጋዜጣው ደረቱ ላይ ነው። አንቺ የወጣሽ ቀን ግን መነጽሩን አጣጥፎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከትቶታል። አውቄ ዝም አልኩ፤ እኔም ኮረዳ ነበርኩ። ይህን ያነሳሁት እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

አሁን አጣሪዎች መጥተዋል፤ ሁለት ሰዎችና አንድ ሐኪም። ተኝቶ ከነበረ በጤና ምክንያት ጡረታ ይወጣል። ነቅቶ ከሆነ ግን ወዴት እንደወሰዱት እንኳ የሚነግረኝ አይኖርም። አልደብቅሽም፣ ፈርቻለሁ። መኪናውን ወስደዋል። ስልኩንም ነቅለው ሄደዋል፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ቀዳዳ እንዳያስጠላ ያንቺን ፎቶ ሰቀልኩበት።

ታዲያ አጣሪዎቹ በመጡ ቁጥር ተኝቶ ያገኙታል። መመሪያቸው ተጠያቂው ነቅቶ ቃሉን ይፈርም ስለሚል ሳይነቃ ሊጠይቁት አይችሉም፤ ቢቀሰቅሱት ደግሞ መረጃ አጠፋችሁ ይባላሉ። በሹክሹክታ እያወሩ ሻይ ይጠጡና ይሄዳሉ። ሐኪሙ "እንዲህ ያለ ሰላማዊ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም" ብሎ ጻፈ። አራተኛ ጊዜያቸው ነው። ዞሮ ዞሮ ወሩ ሲያልቅ ማጣራቱ ይዘጋል፤ በማግስቱ ሰባተኛው አጀንዳ ተመልሶ ይቀርባል። ከመስኮቱ ሥርም ሌላ ሰው ይቀመጣል።

ስትሄጂ በር ላይ "አባዬ፣ አንተ እጅ እንጂ አፍ የለህም" ያልሽው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እውነት ስለነበር ነው የሚያንገበግበኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ጽፈሽለት አታውቂም። ደብዳቤሽ ሲመጣ እኔ ውስጡን ሳነብ እሱ ፖስታውን ይዞ ያንቺን እጅ ጽሕፈት ሲያይ ይቆያል። እሱ ይቅርታ ካልጠየቀኝ ቤቱን አልረግጥም ብለሻል። ልጄ፣ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው በሚያውቀው ነው። አባትሽ የሚያውቀው እጅ ማውጣት ነው።

ይኸው አሁን ከጎኔ ወንበሩን ወደ ግቢው በር አዙሮ ተኝቷል። እዚህ ስደርስ ዓይኑን ሳይገልጥ "የክፍሏ ጣሪያ እንደማያፈስ ጻፊላት" አለ። በእንቅልፍ ልቡ ነው። ጣሪያውንም ባለፈው ሳምንት መሰላል ላይ ወጥቶ የጠገነው በእንቅልፍ ልቡ ነው።

ወሩ ሳያልቅ ነይ። ሃያ ሁለት ቀን አለሽ። ከዚያ በላይ የሚተኛ አይመስለኝም፤ ወገቡን እያመመው ነው። የአልጋ ልብስሽን አጥቤያለሁ። መነጽሩም ኪሱ ውስጥ ነው።

መንገዱን ያቅናልሽ፤ ፊትሽን ሳላይ ዓይኔ አይከደን።

እናትሽ

(በፖስታው ጀርባ፣ በሌላ ብዕር)
ሙጫውን በልክ አድርጌያለሁ፣ እናቴ። ስለ መነጽሩ የጻፉት ጋ ስደርስ ግን እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።